እንዶድ ሳሙና ነው እንዴ?

ሳሎናችን ውስጥ ያለው የዓሣ ገንዳ እንደገና አረንጓዴ ለበሰ። ባለፈው ሰሞን ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ መስታወቱን በጣቴ ብነካው ሙልጭልጭ አለብኝ። ጣቴን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ያ ሽታ! የረጋ ውሃ፣ እርጥብ ድንጋይ፣ የክረምት ጓሮ። ደሜ ፈላ። ሌላው ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ሆዱ ይባባል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እኔ ግን ይህን አረንጓዴ ነገር ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ያለፈው፣ ዛሬም ያልበረደ ንዴት።

የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው፤ የምሠራው ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ። ገንዳውን ባለቤቴ ለልጃችን ለሶልያና ብሎ ከባሕር ዳር ተሸክሞት መጣ፤ ሳያማክረኝ። ቢያማክረኝ ኖሮ በዚህ በር አይገባም ነበር። መብራት አለው፣ አየር የሚነፋ ሞተር አለው፣ ስለ አጠባበቁ ስልክ ላይ የሚታይ ምክር ሞልቷል። አልጌው ግን ያው አልጌ ነው። ብርሃን ሲበዛ ይበቅላል፣ ምግብ ሲበዛ ይበቅላል፣ ሰው እጁን አልሰበስብ ሲል ይበቅላል። ይህን ያወቅሁት ከስልክ አይደለም። ያወቅሁት ስማዳ፣ ወገዳ፣ እናቴ ቤት፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ነው።

ያኔ በጓሮ በኩል ለመምህራን የምናከራያት አንዲት ክፍል ነበረችን። አባቴ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እናቴ ነበረች። እናቴ ንጽሕና ትወዳለች። ትወዳለች ስል በልኩ እንዳይመስላችሁ። በዓል ሲደርስ ደጃፋችን ላይ ያለው የድንጋይ መቀመጫ እንኳ ይታጠባል። በዚያች ክፍል ከኖሩት ሁሉ የማልረሳቸው መምህር ዳምጤን ነው፤ የሳይንስ አስተማሪያችንን። የጎጃም ሰው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ጀሪካን እንደ ሕፃን ታቅፈው ከአውቶቡስ ወረዱ። የያኔውን የወገዳ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንኳን ዓሣ ሰውም በጤና አይደርስበትም። መንደሩ ሁሉ ጠበል ይዘው የመጡ መስሎት ግር ብሎ ከበባቸው። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄማ ጀሪካኑን ሊሳለሙት ጎንበስ ብለው ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ግን ውስጡ ሦስት ቀያይ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ዓሣ ያየሁት ከበሽሎ ቆላ ለገበያ ሲመጣ፣ ሞቶ፣ ደርቆ ነው። በሕይወት ያለ ዓሣ እንዲህ ያበራል ብዬ አስቤ አላውቅም። መስኮት የሚገጥመው ሰውዬ በመስኮት መስታወት ገንዳ ሠራላቸው፤ ከአንድ ጥጉ ሁልጊዜ ጠብ ጠብ የሚል ገንዳ። መምህሩም ሰው ሁሉ እንዲያየው ብለው እኛ ቤት፣ ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጡት። ትልቁን ዓሣ እኔ ሻምበል አልኩት፤ አስተያየቱ የአለቃ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ተዘጋ። መምህራን ለክረምት ትምህርት ወደ ባሕር ዳር የሚጓዙበት ወቅት ነው። መምህር ዳምጤ ሻንጣቸውን ካሰሩ በኋላ እኔንና እናቴን ጠርተው ገንዳው ፊት አቆሙን።

«ይታይሽ፣ አደራውን የምሰጠው ላንቺ ነው» አሉኝ። ለእናቴ አይደለም፤ ለእኔ። «ከዚህ ቆርቆሮ በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣትሽ ቆንጥረሽ ትሰጫቸዋለሽ። ከዚያ አይለፍ። በየሳምንቱ ከውሃው ሲሶውን ቀድተሽ ደፍተሽ ሌላ ትተኪበታለሽ። መስታወቱ አረንጓዴ ከሆነ በባዶ ጨርቅ ጥረጊው። ሳሙና ግን እንዳይነካው። ሳሙና ከነካው አለቀላቸው።»

«ምን ሲደረግ! እኔ እያለሁ ሳሙና አይነካቸውም» አለች እናቴ። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ መምህሩ ወደ እኔ ዝቅ ብለው የተናገሩትን ዛሬም ቃል በቃል እደግመዋለሁ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበር፤ በጨርቅ ተሸፍኖ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ። ተማሪ ነክቶት አያውቅም። «ዓሦቹን በደህና ከጠበቅሽልኝ መስከረም ላይ የሳይንስ ክበቡን ማይክሮስኮፕ የምትይዢው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ የምናየውም ይሄን ነው» አሉና መስታወቱ ጥግ ላይ የተለጠፈች አንዲት አረንጓዴ ነጠብጣብ አሳዩኝ። «አልጌ ይባላል። በዓይን ስታዪው እድፍ ነው። በማይክሮስኮፕ ስታዪው ግን ሌላ ዓለም ነው።» እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልተመኘሁም። ጫማ አልተመኘሁም፣ የበዓል ቀሚስ አልተመኘሁም። ያንን ሌላ ዓለም ብቻ።

መምህሩ ባሕር ዳር ሳይደርሱ ጉዱ ተጀመረ። እናንተ የእኔ ዘመን ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር ቤት የገባ ፍጡር ሳይጋበዝ አይወጣም። እናቴ በገንዳው በኩል ባለፈች ቁጥር ከእጇ ካለው ነገር ቆንጠር አድርጋ ጣል ታደርግላቸዋለች። እትዬ ብርቄ በሶ በመዳፋቸው ይዘው ይመጣሉ። ወንፊት ልትዋስ የመጣችውም፣ ዝናብ ያስጠለላትም፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ አይቶ «ውይ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ እኮ! ርቧቸው ነው፣ ምስኪን!» ይላል። ዓሣ አፉን የሚከፍተው ሊተነፍስ ነው፣ መምህሩ ነግረውኛል፣ ብዬ ብጮህ ማን ሊሰማኝ! እትዬ ብርቄማ «ብሉ እንጂ! በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያሉ ነበር የሚለምኗቸው። ሻምበል ብቅ ሲል «ይኸው፣ እሺ አለኝ» ይሉና ይደግሙለታል።

«በቀን አንዴ ነው የተባለው!» እላለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ከማን ወጣሽ እንዲህ ያለሽ ንፉግ?» ትለኛለች እናቴ፣ በሰው ፊት። ንፉግ! አደራዬን ስለጠበቅሁ ንፉግ ተባልኩ። 

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ መቼም የልጆች ጾም ነው፤ እኛም ነጠላችንን ተከናንበን እናስቀድሳለን፣ ከቅዳሴ በፊት ውሃ እንኳ አንቀምስም። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዓሦቹን ላበላ ቆርቆሮውን ስከፍት እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ሕፃን ልጅ በሚጾምበት ጊዜ እነሱ ናቸው በጠዋት የሚበሉት?» አለች። አልቀለደችም። የነፍስ አባታችን አንድ ቀን ብቅ ሲሉ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ስቀው «ዓሣ ንስሐ የለበትም፣ ተዪው ይብላ» አሏት፤ እሷ ግን ቀልድ መሰላትና በሐሳቧ ጸናች። እናም ቀያዮቹ ዓሦች ፍልሰታን ጾሙ። መጾማቸውስ ባልከፋ፤ ዓሣ ቢጾም አይሞትም። ቅዳሴ ሲወጣ ነው ጉዱ። «ሲጾሙ ውለው» እያሉ እናቴና እትዬ ብርቄ እየተሽቀዳደሙ የዳቦ ፍርፋሪ በእፍኝ ያፈሱባቸዋል። ጾሙ የተፈታ ቀን ደግሞ እትዬ ብርቄ ወጥ የነካ እንጀራ ሲጥሉ እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው። «ዓመት በዓል ነው ልጄ፣ ምን አለበት?» አሉኝ።

ምን እንዳለበትማ ታየ። ያልተበላው ምግብ ከሥር በሰበሰ፤ ደመናው ገለጥ ሲል ደግሞ ፀሐይ በመስኮቱ በቀጥታ ገንዳው ላይ ታርፋለች። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ውሃው የጎመን ቅቅል መሰለ። መስታወቱ አረንጓዴ ዝልግልግ ለበሰ፤ ድንጋዮቹ ጢም አበቀሉ፤ ዓሦቹ ለዓይን ጠፉ። እናቴ «ሻገተ» አለች። እትዬ ብርቄ «የለም፣ ይሄ የሰው ዓይን ነው፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ታሳዩዋቸው ነበር» አሉ። የሰው ዓይን! የሰው እጅ ነው እንጂ! የሁላችሁም እጅ!

ለብቻዬ ተነሣሁበት። ከቦኖ ውሃ እየቀዳሁ፣ የክረምት ውሃ ደፍርሶ ስለሚመጣ በእንስራ አሳድሬ እያጠለልኩ፣ በየሳምንቱ የተባልኩትን ሲሶ ቀየርኩ። መስታወቱን በእንጨት ላይ በጠመጠምኩት ጨርቅ ፈገፈግሁት። በፀሐይ በኩል ጆንያ ጋረድኩለት። ከሁሉ የበለጠው ዘዴዬ ግን ሰፌድ ነበር፤ የእናቴን ሰፌድ ገንዳው ላይ ከድኜ፣ እጅ እንዳያነሣው ከላይ ድንጋይ ጫንኩበት። እናቴ ጠዋት ጠዋት «የታለ ሰፌዴ?» እያለች ትጮሃለች፤ እኔ ደግሞ «ዓሣው ላይ ነው!» እያልኩ እመልሳለሁ። ሰፌዱን ታነሣለች፣ መልሼ እከድናለሁ። እንዲህ እየተጨቃጨቅን ሰነበትን። ከፈገፈግሁት ዝልግልግ ጥቂቱን በመድኃኒት ብልቃጥ ከውሃ ጋር አስቀመጥሁት፤ በማይክሮስኮፕ መጀመሪያ የማየው እሱን ነዋ!

ውሃው ቀስ በቀስ ጠራ። መጀመሪያ የሻምበል ጅራት ታየኝ፣ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ ያ የአለቃ ፊቱ። ሦስቱም ደህና ነበሩ። መስታወቱ ጥግ ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ቀርቶበታል፤ እሱ ምንም አይደለም፣ ዓሦቹ ይቃርሙታል። «እሰይ!» ብዬ ለብቻዬ ዘለልኩ። አደራዬን ልመልስ ነበር። ጳጉሜን ገብቶ ነበር፤ መምህሩ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንደሚደርሱ መልእክት ልከውልናል።

የሩፋኤል ዕለት ታስታውሳላችሁ? ዝናቡ የተባረከ ነው ተብሎ ልጅ ሁሉ ልብሱን ጥሎ የሚወጣበት? ዕቃ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ጠፈጠፍ ሥር የሚደረደርበት? የዚያን ቀን ዝናቡ ከቀትር በኋላ ጣለ። እኛም «ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያልን ከሜዳው ጭቃ ላይ ስንዘል ዋልን። ዝናቡ ጀርባችንን ይገርፈናል፣ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል፣ ሣሩ ከእግራችን ሥር ይሸታል። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም ብል አልዋሸሁም። ፀጉሬ ውሃ እያንጠባጠበ፣ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

«ይታዩ፣ ነይ እዪልኝ! እንዴት እንዳማረ!» አለች እናቴ ከውስጥ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገንዳው አጠገብ ቆማለች። ገንዳው ያብረቀርቃል። አንዲት አረንጓዴ ነጠብጣብ የለችበትም፤ ድንጋዮቹ ነጥተዋል፣ መስታወቱ የለ ይመስላል። የውሃው ጠርዝ ላይ ነጭ አረፋ ከቧል። ክፍሉ ደግሞ ይሸታል፤ የማውቀው፣ ለበዓል ነጠላ ሲታጠብ የሚሸተኝ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ።

«በምን አጠብሽው?»

«በእንዶድ ነዋ። ያ ሁሉ ሻጋታ በባዶ ጨርቅ ይለቃል እንዴ? መምህሩ መጥተው ይሄን ቢያዩ ምን ይሉኛል?»

«ሳሙና አይነካም ተብሏል እኮ እማዬ! ሳሙና አይነካም!»

ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ከልቧ ነበር የገረማት። «እንዶድ ሳሙና ነው እንዴ?» አለች። «እንዶድ እግዜር ያበቀለው አይደለም? የቄሱ ልብስ የሚታጠብበት! ውሃውም የቦኖ አይደለም፤ ሳፋውን ደጅ አውጥቼ የሩፋኤልን ዝናብ ነው የሞላሁላቸው።»

ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ያላትን ሁሉ ነው የሰጠቻቸው፤ የጓሮዋን እንዶድ ወቅጣ፣ የተባረከውን ዝናብ ቀድታ። አንድ ነገር ብቻ አልሰጠችም፤ ለአንዲት ልጅ ቃል ጆሮዋን።

ሻምበል በጎኑ ተኝቶ ነበር። ሁለቱ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በእጄ አፍሼ ያጠለልኩት ውሃ ወዳለበት እንስራ ወረወርኳቸው፤ ውሃውን ለወጥኩ፣ ደግሜ ለወጥኩ፣ ለመንኳቸው። ሳይመሽ ሦስቱም ተንሳፈፉ። ለቅሶዬን ሰምተው እትዬ ብርቄ በአጥሩ በኩል መጡና አይተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ድሮስ እንዶድ ባለበት ዓሣ ይኖራል? ቆላ ያሉ ዘመዶቼ ወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ነው የሚወጣው» አሉ። ያውቁ ነበር! ያውቁ ነበር ማለት ነው! ለምን አልተናገሩም ብላቸው «ማን ጠየቀኝና» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ከጌሾው ሥር ቀበርናቸው። እናቴ ቆፈረች።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እኔ ከሜዳ አደይ አበባ ለቅሜ ስመለስ መምህር ዳምጤ ደጃፍ ቆመዋል። በእጃቸው ትንሽዬ የዓሣ መረብ ይዘዋል፤ እጀታዋ ቀይ የሆነ። ለእኔ ነበር የገዟት። ፊታቸውን ሳይ ነገሩን ገና እንዳልሰሙ ገባኝ፤ እንደ ልጅ ፈክተዋል። ልነግራቸው አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«መምህር፣ እንግዲህ ምን ላድርግ፤ ልጅ አይደለች? ተይ ብላት፣ ተይ ብላት፣ ስታበላ ስታበላ በጥጋብ ገደለቻቸው።»

ሰማችሁ? እኔን! ሰፌድ ከድኜ ድንጋይ የጫንኩትን! ንፉግ የተባልኩትን! አበባው ከእጄ ወደቀ። «እማዬ ናት! በእንዶድ…» ብዬ ጀመርኩ። «ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በይ!» ብላ በዚያ ዓይኗ አየችኝ፤ ያንን ዓይን ታውቁታላችሁ። እትዬ ብርቄም በአጥሩ በኩል ቆመው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

መምህሩ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድሁ። መረቧን ኪሳቸው ከተው ራሴን ዳበሱኝና «ምንም አይደል ይታይሽ፤ ልጅ ነሽ» አሉኝ። ልጅ ነሽ። አደራ የሰጡኝ ጊዜ ልጅ አልነበርኩም፤ አሁን ልጅ ሆንኩ። መስከረም ላይ የማይክሮስኮፑ ነገር ለሌላ ተማሪ ተሰጠ። እኔ የክበቡን ክፍል በውጭ በኩል በመስኮት አየሁ፤ ልጆቹ በየተራ ጎንበስ እያሉ «ውይ!» ይላሉ። ብልቃጤን እዚያው መስኮት ሥር ድንጋይ ላይ ሰበርኩት። በዓመቱ መምህሩ ተዛወሩ፤ ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። የትም ይሁኑ የት፣ ዓሦቻቸውን የገደልኩት እኔ መስሏቸው ነው የሄዱት።

አሁን ማይክሮስኮፕ እስኪሰለቸኝ አያለሁ። ወባ አያለሁ፣ ሰገራ አያለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ወገቤ ይቆረጣል። የሳሎናችን ገንዳ አረንጓዴ የለበሰ ሰሞን ግን አንዲት ጠብታ በብልቃጥ ይዤ ሄድኩ፤ በምሳ ሰዓት፣ ማንም በሌለበት። መምህሩ እውነታቸውን ነበር፣ ሌላ ዓለም ነው። ረጃጅም አረንጓዴ ክሮች፣ በውስጣቸው እንደ ዶቃ የተደረደሩ ክብ ክቦች፣ በመካከላቸው የሚሮጡ ደቃቃ ነፍሳት። አምሮ አምሮ አናደደኝ። ይሄንን በአሥራ አንድ ዓመቴ ማየት ነበረብኝ፤ ከአጠገቤም «አየሽ?» የሚለኝ አንድ ሰው ሊኖር ይገባ ነበር።

ከዚያ እናቴ መጣች። ዓይኗ እየደከመ ስለሆነ ልትታይ ከወገዳ መጥታ እኛ ጋ ሰንብታለች። አርጅታለች፤ መቋሚያ ይዛለች፤ ወገዳ ጓሮዋ የነበረው እንዶድም ለግንብ ተቆርጧል፣ ነጠላዋ አሁን በዱቄት ሳሙና ነው የሚታጠበው። ትናንት ከኩሽና ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ሶልያናን አቅፋ ገንዳው ፊት ተቀምጣ ስታወራ ሰማኋት። «እናትሽ እኮ በልጅነቷ የመምህሩን ዓሣ በጥጋብ ገድላለች» ትላለች፤ እየሳቀች! እንደ ተረት! ልጄም «እውነት እማዬ?» ብላ ወደ እኔ ጮኸች።

ቢላዋውን እንደያዝኩ ወጣሁ። «እማዬ! እንዶዱስ? እንዶዱን ማን ወቀጠው? የሩፋኤልን ዝናብ ማን ሞላው? በልጄ ፊት ደግሞ!» ድምፄ እንደዚያ ከፍ ብሎ እናቴ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሶልያና ደንግጣ ከአያቷ ጭን ወረደች። 

እናቴ መቋሚያዋን አሻሸች። «እንዶድ ዓሣ እንደሚገድል እኔ ምን አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ሰው አደራ አጠፋች እንዳይለኝ ፈራሁ። አንቺ ደግሞ ልጅ ነበርሽ። የልጅ ጥፋት ማን ይይዘዋል? ዛሬ ተናግረውት ነገ ይረሳል ብዬ ነው እኮ።»

«እኔ ያዝኩት፣ እማዬ» አልኳት። «እኔ ይዤው ይኸው እዚህ ደረስኩ።»

እናቴ መቋሚያዋን ወደ ጎን አስቀመጠች። ከዚያ ሶልያና ወደቆመችበት በደከመው ዓይኗ ፈልጋ ዞረችና «ነይ የኔ እመቤት» አለቻት። «እኔ ነኝ። እናትሽ አይደለችም፤ እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ይሄ ነው። ይህን ያህል ዓመት የጠበቅሁት ይሄ ብቻ ነው፤ ለማለትም ትንፋሽ አልፈጀባትም። ያኔ ደጃፋችን ላይ፣ መረቧ በመምህሩ እጅ እያለች ቢባል ኖሮ! ይቅር አልኳት ወይ ብትሉኝ፣ ገና ነኝ። መምህሩ አልሰሙም። ልጄ ሰማች፤ እሱን አልንቀውም፤ ግን መምህሩ አልሰሙም።

ሶልያና የዓሦቹን ቆርቆሮ አምጥታ ለአያቷ ከፈተችላት። «በሁለት ጣት ብቻ፣ በቀን አንዴ» አለቻት፤ ቤቱ ውስጥ ሕግ ነው። እናቴ ቆንጥራ፣ መስታወቱን በመዳፏ ዳብሳ፣ ጣል አደረገችላቸው። «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ» አለች በሹክሹክታ። ጥቂት ቆየችና «በሉልኝ?» አለች፤ ዓይኗ አያያቸውም። «በልተዋል» አልኳት። «እንግዲያው ልድገምላቸው?» ብላ እጇን ወደ ቆርቆሮው ሰደደች።

«ተዪ!» ብዬ ጮህኩ። ሶልያና ሳቀች። እናቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ኩሽና ገብቼ ሰፌዱን አመጣሁና ያንን መብራትና ሞተር ያለውን ገንዳ ግጥም አድርጌ ከደንኩት።

«ድንጋዩንስ ረሳሽው?» አለችኝ እናቴ።

የድንጋዩን ነገር በዚህ ቤት ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ራሷ ነች ያልረሳችው። ወጥቼ ከደጃፉ ድንጋይ አመጣሁ።